አጠገቡ የነበረው ማር

አንዲት ቃል አለች፣ ለአባቴ የተናገርኳት፣ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው ግን እስካሁን ሌሊት ትቀሰቅሰኛለች። «ሰነፍክ» ነው ያልኩት። አባቱን ሰነፍክ የሚል ልጅ እኛ ሰፈር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፣ ያን ቀን ግን ቤት ውስጥ የሚሰማ ሰው አልነበረም፣ እኔና እሱ ብቻ ነበርን፣ እሱም አልተቆጣም፣ ዝም ብሎ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው፣ ጅማ ዝናቡ ከምሳ በኋላ ቆርቆሮውን መደብደብ የሚጀምርበት ጊዜ። እማዬ ኮቺ ለቅሶ ልትደርስ አምስት ሰዓት ላይ ወጥታለች፣ ከመውጣቷ በፊት ግን ትኩስ ዳቦ ቆርሳ፣ የጌራ ማር በትንሽ ሳህን ቀድታ፣ በርጩማ ላይ አድርጋ አባዬ ጎን አስቀምጣለት ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አስር ሰዓት ሆኗል። አባዬ ጠዋት ትቼው የሄድኩበት ወንበር ላይ፣ በረንዳው ላይ፣ እንደዛው ተቀምጧል። ዳቦው ደርቋል፣ ጉንዳን የማሩን ሳህን ጠርዝ ይዞ ተሰልፏል። በርጩማዋ ከክርኑ አንድ ክንድ አትርቅም፣ እጁን ቢዘረጋ ይደርስባታል። አምስት ሰዓት ሙሉ አልዘረጋም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል የሰማሁትን ያን ቀን በረንዳችን ላይ አየሁት።

ደክሞኝ ነበር፣ የፈተና ወረቀት ተሸክሜ ነው የመጣሁት፣ ደግሞ ወራት ሙሉ ሲጠራቀም የቆየ ነገር ነበር። «አባዬ አሁንስ በዛ፣ አጠገብህ ያለውን እንኳን? ሰነፍክ እኮ!» አልኩት።

ከዛ ንዴት ይሁን ጸጸት እኔም አላውቅም፣ ጉንዳኑን አራግፌ ከመሀል ንጹሑን ማር በማንኪያ ቀዳሁና አፉ ውስጥ አደረግኩለት። የአባዬ ፊት ወራት ሆኖት ነበር ከተዘጋ፣ ቢስቅም ቢከፋውም አይለይም ነበር። ማሩ ምላሱን ሲነካው ግን ዓይኑን ጨፈነ፣ ከንፈሩን ዙሪያውን በምላሱ ላሰ፣ «እሰይ» አለ ቀስ ብሎ።

«ጣፈጠህ?»

«በጣም እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልበላኸውም?»

ረጅም ጊዜ አሰበ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ መልስ የማይሰጠኝ መስሎኝ ልነሳ ስል «መጣፈጡንማ አውቃለሁ» አለኝ። «ልብላ የሚለው ነገር ነው አልመጣ ያለኝ።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ያኔ አልሰማኋትም፣ ጆሮዬ ሰማ እንጂ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ። እኔ ደግሞ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ አስራ አራት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ «ዶፓሚን የደስታ ንጥረ ነገር ነው» እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰው።

«ዘንድሮ ቡናው ሽታ የለውም»

አባቴ ቡና ነጋዴ ነበር። ትልቅ ነጋዴ አይደለም፣ ከአጋሮና ከሊሙ ገበሬ ጀንፈል እየገዛ ሄርማታ መርካቶ ላሉት ለትልልቆቹ የሚያስረክብ ሰው ነው። ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ ድርቀቱን ይናገራል፣ መዳፉ ውስጥ አሽቶ አንዴ ካሸተተው ደግሞ ጭስ የነካው ይሁን እርጥብ መሬት ላይ የተሰጣ ይሁን ይለየዋል። እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ እግሩ መጎተት ሳይጀምር፣ አራት አምስት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ነገር ይል ነበር፦ «ዘንድሮ ቡናው ሽታ የለውም።» በቀጣዩ ዓመትም «ዘንድሮም ሽታ የለውም።» ገበያው የተበላሸበት መሰለን፣ ሃያ ዓመት አብረውት የሠሩ ገበሬዎችን ሁሉ እስከማኩረፍ ደርሶ ነበር። ቡናው ግን ሽታ ነበረው፣ የደከመው የሱ አፍንጫ ነው። የማሽተት አቅም መድከም አባዬን ከያዘው ፓርኪንሰን ከሚባለው የአንጎል በሽታ ቀደምት ምልክቶች አንዱ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜም ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ እንደሚመጣ ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

ደብተሮቹም ሲናገሩ ነበር ለካ። የገዛውን የሚመዘግብባቸው ሰማያዊ ሽፋን ያላቸው ደብተሮች አሉት፣ በኋላ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ሳገላብጣቸው ጽሑፉ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄዷል። መጨረሻዎቹ ላይማ መስመሩ ሲጀምር ፊደሉ ደህና ነው፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ እየጠበበ እየጠበበ ይመጣና «12 ፈረሱላ» የሚለው ጋ ሲደርስ የሚነበበው በመከራ ነው። ማንም ልብ አላለውም፣ እሱ ራሱ «መነጽሬ ነው» ይል ነበር።

ከዛ ገበያ መሄድ ቀረ። የሚገርመው ሁሉ ነገር ደስ ይለው ነበር፣ ሬዲዮ ከተከፈተለት ያዳምጣል፣ እሱ ግን አይከፍትም። ሰው ከመጣ ይጫወታል፣ ማንንም ግን ጥሩልኝ አይልም። የእድር ስብሰባ ካስታወስነው «እ፣ አዎ» ይላል፣ ከወንበሩ ግን አይነሳም። ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው ጸበል ውሰዱት አለ፣ ሌላው ዱአ ይደረግለት አለ፣ የወሰድንበት ክሊኒክ «እርጅና ነው» ብሎ ቫይታሚን ሰጠን። እኔ ደግሞ በሆዴ ሰነፈ አልኩ፣ ሠርቶ ጠገበ፣ አሁን እኛ እንድንጎትተው ፈለገ አልኩ። በመጨረሻ ያልኩትን በአፌም አልኩት።

አዲስ አበባ ነርቭ ሐኪም ጋ የወሰድነው ከማሩ ቀን ሁለት ወር በኋላ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ «አባባ፣ አውራ ጣትዎንና ሌባ ጣትዎን ቶሎ ቶሎ ያጋጩልኝ እስቲ» አለው። አባዬ ጀመረ፣ መጀመሪያ ሰፋ አድርጎ ከፈተ፣ ከዛ ጠበብ፣ ከዛ ጠበብ፣ ከዛ ጣቶቹ ተገናኝተው ቀሩ። ደብተሩ ታየኝ። ወረቀት ላይ ያየሁት ነገር በጣቱ ሲሠራ አየሁት።

ስንወጣ ወደ ኋላ ቀረት ብዬ የማሩን ነገር ነገርኩት ለሐኪሙ። ሳቅ የሚል መስሎኝ አፍሬ ነበር። እሱ ግን የሚጽፈውን አቁሞ «ይሄም በሽታው ነው» አለኝ። እጅና እግሩን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ነገሮችን ለመጀመር የሚገፋንንም ነገር ነው የሚይዘው፣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ባህሪ ይመስለዋል አለኝ።

ጥቁሯ ቦታ

ያን ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ለሌላ ሰው ትርጉም ላይኖረው ይችላል፣ እኔ ግን የተናገርኩትን ቃል በምን እንደምመዝናት ፈልጌ ነው ያነበብኩት።

አንጎላችን መካከል፣ ከጆሮና ጆሮ መሀል ገባ ብሎ፣ መካከለኛው አንጎል የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። እዛ ውስጥ ዶፓሚን የሚሠሩ፣ ማለትም የነርቭ ሴሎች መልእክት ከሚላላኩባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱን የሚያመርቱ ሴሎች ተሰብስበው ይገኛሉ፣ በተለይ ሁለት ቦታ ላይ፣ አንዱ ሰብስታንሺያ ናይግራ ይባላል፣ ሌላው ቬንትራል ቴግመንታል ኤሪያ። ናይግራ በላቲን ጥቁር ማለት ነው፣ ሴሎቹ ውስጥ ኒውሮሜላኒን የሚባል ጥቁር ቀለም ስለሚጠራቀም አንጎል ተቆርጦ ሲታይ ያለ ማይክሮስኮፕ፣ በባዶ ዓይን፣ ጥቁር ሰረዝ ሆኖ ይታያል። ፓርኪንሰን የያዘው ሰው አንጎል ላይ ያ ጥቁር ሰረዝ ይደበዝዛል። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከሴሎቹ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዛ በላይ ቀድሞ አልቋል።

ብዛታቸው ነው ያስደነገጠኝ። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴል አለው፣ ከነዛ ውስጥ እነዚህ የመካከለኛው አንጎል ዶፓሚን ሴሎች ከ400 ሺህ እስከ 600 ሺህ ቢሆኑ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ እንደጠፋች ቁንጥር ማለት ነው። ግን እያንዳንዷ ሴል ክሯን የምትዘረጋው እንደ ዋርካ ነው፣ የአይጥ አንዷ ዶፓሚን ሴል ብቻ ክሯ ከነቅርንጫፉ ቢቀጣጠል ግማሽ ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ አይጧ ራሷ ስንት ትሆናለች? ጥቂት ሆነው ብዙ ቦታ ስለሚደርሱ ነው ሲጎድሉ ብዙ ነገር አብሮ የሚጎድለው።

«የደስታ» የሚለው ነገር ከየት መጣ ብዬም ፈለግኩ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር ሞንትሪያል ውስጥ አይጥ አንጎል ላይ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ አይጧ ማንሻ በተጫነች ቁጥር ትንሽ ኤሌክትሪክ እንዲነካት አደረጉ፣ አይጧም ማንሻውን መጫን ማቆም አቃታት። ሰውም «በቃ የደስታ ቦታ ተገኘ» አለ፣ ዶፓሚንም በኋላ ከዚህ ታሪክ ጋር ተያይዞ ስሙን ወረሰ። እኔም ወረስኩት፣ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፣ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ መለሱልኝ፣ ልክ ብዬ አረምኩላቸው።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1995 ከሪቻርድ ፓልሚተር ላብራቶሪ የወጣ አንድ ሥራ አነበብኩና ወረቀቱን አስቀምጬ በረንዳ ወጣሁ። አንጎላቸው ዶፓሚን መሥራት የማይችል አይጦች ናቸው፣ በጄኔቲክስ ነው እንደዛ የተደረጉት። ይወለዳሉ፣ ይጠባሉ፣ ከዛ ግን ጥቂት ሳምንት ቆይተው ምግብ አጠገባቸው እያለ በረሃብ ይሞታሉ። ማኘክ አቅቷቸው አይደለም፣ መዋጥ አቅቷቸውም አይደለም፣ ምግቡ አፋቸው ላይ ከተደረገላቸው ይውጡታል። ተነስቶ ወደ ሳህኑ መሄድ ነው የሌላቸው። ዶፓሚን የሚሆን መድኃኒት ሲወጉ ግን ሄደው ይበላሉ።

አጠገባቸው እያለ። እኔ ይሄን ታሪክ አይቼዋለሁ፣ በርጩማ ላይ።

ኬንት ቤሪጅ የሚባል ሚሺጋን ያለ ተመራማሪ ደግሞ የቀረውን ነገረኝ። ጣፋጭ ነገር ምላስ ሲነካ አይጥም የሰው ሕፃንም አንድ ዓይነት ነገር ያደርጋል፣ ምላሱን አውጥቶ ከንፈሩን ይልሳል። ቤሪጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ዶፓሚናቸው ከሞላ ጎደል የጠፋባቸው አይጦች አፍ ውስጥ ስኳር ውሃ ጠብ አደረጉ። አይጦቹ በራሳቸው ምንም አይበሉም፣ ስኳሩ ሲደርሳቸው ግን እንደ ጤነኛው ከንፈራቸውን ላሱ። ከዛ በኋላ ነው ቤሪጅ መውደድና መፈለግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት የጀመረው፣ ዶፓሚን የሚሸከመው መፈለጉን ነው እንጂ መውደዱን አይደለም። እኛ አፍ ላይማ አንድ ናቸው፣ «ማር እወዳለሁ» ስንል ሁለቱንም ማለታችን ነው። አባዬ ግን ሐኪም ሳያየው፣ ላቲን ሳያውቅ፣ ለይቶ ነግሮኝ ነበር፦ መጣፈጡንማ አውቃለሁ፣ ልብላ የሚለው ነው አልመጣ ያለኝ።

የአይሱዙው ጥሩንባ

ልጅ ሆነን አባዬ ከአጋሮ ሲመለስ የሚጫንበት አይሱዙ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ጥሩንባ ይነፋ ነበር። መጀመሪያ ጊዜ ሸንኮራ ይዞልን ሲመጣ ያበድነው ሸንኮራውን ስናይ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የምናብደው ጥሩንባውን ስንሰማ ሆነ፣ ሸንኮራውማ እጃችን ሲገባ በቃ ሸንኮራ ነው፣ ቁጭ ብሎ ማላመጥ ነው። አንድ ቀን ጥሩንባው ተነፋ፣ ሮጠን ወጣን፣ አባዬ ባዶ እጁን ወረደ። ያን ቀን ሆዴ ውስጥ የወረደው ነገር አሁንም ትዝ ይለኛል። በየቀኑ ሸንኮራ አንበላም እኮ፣ ሌላ ቀን ሳንበላ ስንውል ምንም አይመስለንም ነበር። የከፋው ጠብቀን ያጣነው ቀን ብቻ ነው።

ቮልፍራም ሹልትዝ የሚባል ሳይንቲስት ስዊዘርላንድ ፍሪቡርግ ውስጥ በጦጣዎች ያየው በትክክል ይሄንኑ ነው። ከአንዲት ዶፓሚን ሴል አጠገብ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ የምትልከውን ምልክት ያዳምጣል። ጦጣው ሳያስበው ጭማቂ ጠብ ሲደረግለት ሴሏ ቶሎ ቶሎ ትተኩሳለች። መብራት በርቶ ከዛ ጭማቂ እንደሚመጣ ጦጣው ሲማር ግን ሴሏ ጭማቂውን ትተወዋለች፣ ለመብራቱ መተኮስ ትጀምራለች። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ ጭማቂው ሊመጣ ይገባ በነበረበት ቅጽበት፣ በዛችው ቅጽበት፣ ጸጥ ትላለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ሹልትዝ ከፒተር ዳያንና ከሪድ ሞንታግ ጋር ሆኖ ይሄን በሂሳብ አስረዳ፣ ሴሎቹ የሚናገሩት «ደስ ይላል» ሳይሆን «ከጠበቅኩት በለጠ» ወይም «ከጠበቅኩት አነሰ» የሚል ነው። በዚያ ልዩነት ነው የምንማረው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ የቱ እንደምንሮጥም የሚወሰነው በዛው ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ቀን ቆየሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ስለ አባዬ ብቻ አይደለም። የኛ ቤት ሁሉ ነገር ምልክት ነበረው። የእማዬ ሙቀጫ ሲሰማ አባዬ ከየትም ይነሳ ነበር፣ አቦል ሳይቀዳ ረከቦቱ ጋ ይደርሳል። ታሞ ደግሞ ሙቀጫው እየተመታ፣ ጭሱ በረንዳው ድረስ እየመጣ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ነው። እማዬ በጣም ከፍቷት ነበር፣ «ቡናዬን ጠላው» ትል ነበር። አልጠላውም፣ ሙቀጫው ነው መጥራት ያቆመው። ይሄን ለሷ ሳስረዳት ዶፓሚን ምናምን አላልኳትም፣ «እማዬ፣ ይሰማዋል ግን አይጠራውም» ነው ያልኳት። ከዛን ቀን ጀምሮ ሲኒውን እጁ ላይ ታስይዘዋለች። ይጠጣል።

ጆን ሳላሞን የሚባል ሌላ ሰው አይጦችን ሁለት መንገድ አስመረጣቸው፣ አንዱ ጋ ጥቂት ምግብ አለ፣ ሌላው ጋ ብዙ ምግብ አለ ግን ለመድረስ አጥር መውጣት ይፈልጋል። ጤነኞቹ አጥሩን ይወጣሉ፣ ዶፓሚናቸው የተቀነሰባቸው ጥቂቱን ይመርጣሉ። ታዲያ ጥቂቱ የነበረበት ቦታ ምንም ምግብ ሳይኖር ሲቀር ያው አይጦች አጥሩን ወጡ። መውጣት ይችሉ ነበር ማለት ነው፣ አጥሩ ነው የከበዳቸው። እኛ ለአንድ ክንድ ርቀት «ምን አላት?» እንላለን። የክንዷን ርዝመት የምንለካው በራሳችን አንጎል ነው፣ አባዬ ጋ ያቺ ክንድ የጅሬን ዳገት ትሆናለች።

ሰባት ሰዓት ሲሆን

ታናሽ ወንድሜ ይቅማል። ፈቃዱን ጠይቄ ነው የምጽፈው። ጅማ ላይ ጫት አዲስ ነገር ስላልሆነ አላብራራም፣ ግን የሱ ነገር የአባዬ ተቃራኒ እንደሆነ የገባኝ አንድ ቀን «ምርቃናው እንኳ እንደ ድሮው አይደለም» ሲለኝ ነው። «ታዲያ ተወዋ» አልኩት በየዋህነት። «መተውማ ፈልጌ ነበር፣ ሰባት ሰዓት ሲሆን ግን እግሬ ራሱ ይሄዳል» አለኝ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1975 ነው ተለይቶ የታወቀው፣ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ዘመድ ነው፣ የዶፓሚን ሴሎች ያጠራቀሙትን እንዲያፈስሱ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ስለሚቀየር ነው እንግዲህ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ በጥድፊያ የሚመጣው። የማውቃቸው ቃሚዎች ሁሉ ይሄን ያውቁታል፣ ስሙን ባያውቁትም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንላለን፣ እሱንም ብያለሁ ለወንድሜ፣ በክፉ። ግን ሐራራ የሚባለው ቃላችን ስንት ነገር ይዟል መሰላችሁ፣ ሐራራ ደስታ አይደለም፣ ሐራራ ጥሪ ነው። ሰባት ሰዓት፣ የባርጫ ጓደኞች ድምፅ፣ የሻጯ ጥላ ስር መሰብሰቡ፣ ሁሉም እንደዛ ጥሩንባ ናቸው። ሸንኮራው ጣዕሙን ካጣ ቆይቷል፣ ጥሩንባው ግን ይነፋል።

አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወዶ መፈለግ አቃተው፣ አንዱ መውደዱ አልቆበት መፈለጉ አልለቅ አለው። እኔ ደግሞ መሀል ላይ ቆሜ አንዱን ሰነፍ፣ አንዱን ልበ ደካማ ስል ነበር። ሐኪሙ ለአባዬ መድኃኒት ሲመርጥ እንኳ አስጠንቅቆኝ ነበር፣ ዶፓሚንን የሚመስሉ አንዳንድ ኪኒኖች በሕይወቱ ካርታ ነክቶ የማያውቀውን ሽማግሌ ቁማርተኛ ሊያደርጉት ይችላሉ፣ እንደዛ ያለ ነገር ካያችሁ ቶሎ ንገሩኝ ብሎ። ኪኒን የዋጠ ሰው ሄዶ ቤቲንግ ቢያስይዝ ገንዘቡን የበላው ባህሪው ነው የሚለው ማነው? እኔ እል ነበር።

ባቄላ

የአባዬ መድኃኒት ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር ነው። ዶፓሚን ራሱ ቢዋጥ ከደም ወደ አንጎል አይገባም፣ በሩ ዝግ ነው፣ ሌቮዶፓ ግን ይገባና እዛ ሲደርስ ዶፓሚን ይሆናል፣ ካርቢዶፓው ደግሞ መንገድ ላይ እንዳይቀየር ይጠብቀዋል። ጅማ ያሉ ፋርማሲዎች ስዞር ውዬ ያጣሁበት ቀን አለ፣ በመኪና ረዳት ከአዲስ አበባ አስልኬ የጠበቅኩበት ሌሊት አለ። ሥጋና እንቁላል ከሱ ጋር ስለሚሻማ ከምግብ በፊት ነው የሚሰጠው፣ እማዬ ይሄን ከኔ በላይ በሰዓት ትይዘዋለች።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ይሄ ሌቮዶፓ መጀመሪያ ከተፈጥሮ ተለይቶ የወጣው ከባቄላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ማርከስ ጉገንሃይም የሚባል ኬሚስት ከባቄላ ቡቃያ አወጣውና፣ ምን እንደሚያደርግ ለማየት 2.5 ግራም ራሱ ዋጠ፣ አስመለሰውና ብዙም ጥቅም ያለው አልመሰለውም። ከዛ አርባ ዓመት በላይ ቆይቶ አርቪድ ካርልሰን ስዊድን ውስጥ ሬሰርፒን በሚባል መድኃኒት ፍዝዝ ብለው የቀሩ ጥንቸሎችን ሌቮዶፓ ወጋቸው፣ ጥንቸሎቹም ተነስተው ይንቀሳቀሱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2000 ኖቤል ያገኘበት ሥራ ነው። አባዬ ልጅ ሆነን እሸት ባቄላ ሲያመጣ ቅርፊቱን እየፈለፈልን ስንበላ፣ ያንን ነገር ስናኝክ ነበር ማለት ነው። (ባቄላው ግን ኪኒኑን አይተካም፣ መጠኑ አይታወቅም፣ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፣ እንዳትሞክሩት።)

ሁሉም አልተመለሰም። እጁ ላልቷል፣ አረማመዱ ተሻሽሏል፣ ኪኒኑ ሲያልቅበት ደግሞ ወንበሩ መልሶ ይይዘዋል። ፍላጎቱ ከእጁ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይመጣም።

መስከረም ላይ ክፍል ስገባ ያቺን «የደስታ ንጥረ ነገር» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና ሰረዝኳት፣ ስንት ዓመት እንደተሳሳትኩ ነገርኳቸው፣ የጦጣዎቹንም የአይጦቹንም አስተማርኳቸው። ኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች፣ «ቲቸር፣ ታዲያ ሰነፍ ሚባል ሰው የለም ማለት ነው?» አለችኝ። ሳላስብ መመለስ አልፈለግኩም። አለ ይሆናል። እኔም ዛሬ ላርመው የሚገባኝን ለነገ ያሳደርኩበት ቀን አለ፣ አንጎሌ ጤነኛ ሆኖ። ግን ሰነፍ ለማለት ሰውየው ውስጥ ገብቶ ጥሩንባው እየተነፋ አልሄድም ማለቱን ማየት ያስፈልጋል፣ እኔ ከውጭ ሆኜ ያየሁት ሰውዬው አለመነሳቱን ብቻ ነው። ይሄን ነው ያልኳት፣ መልስ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ደብተሯ ላይ ግን ጻፈችው።

ለአባዬ ግን ለመናገር ሁለት ዓመት ከምናምን ፈጀብኝ። ባለፈው እሁድ ነው፣ ከሰዓት፣ በረንዳው ላይ፣ ዝናብ የለም። እማዬ ውስጥ ቡና ትቆላለች።

«አባዬ፣ ያኔ ማሩን ያልበላህ ቀን፣ ሰነፍክ ብዬህ ነበር። ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«በሽታው ነበር እኮ። አላወቅኩም። ይቅር በለኝ።»

ዝም አለ። አሁን ፊቱ ትንሽ ይነበባል፣ ያን ጊዜ ግን ማንበብ አቃተኝ። ግራ እጁን ጉልበቱ ላይ በቀኝ እጁ ያዝ አደረገና፣ ስትንቀጠቀጥ እንደሚያደርገው፣ «እኔም እኮ ሰንፌ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ሌሊት ተኝቼ ራሴን ስሰድበው ነበር የማድረው። ነገ ትነሳለህ እለዋለሁ። ይነጋል፣ አልነሳም። አንተ ስትለኝ፣ ልጄም አወቀብኝ አልኩ።»

ምንም ማለት አልቻልኩም። እሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ።

«አስር ሰዓት ሊሆን ነው» አለ። «ኪኒኔን አምጣልኝ፣ በውሃ።»